ከአዮን ክምችት እስከ ቡና ስኒ፦ በሕዋስ ገለፈት ላይ የኤሌክትሪክ ምልክት አፈጣጠርና የካፌይን ድርሻ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በሕያው ሕዋስ ገለፈት ላይ የኤሌክትሪክ ምልክት እንዴት እንደሚፈጠር በስሌት ያስረዳል። ቀጥሎም ለቦንጋና ለካፋ ዞን ቅርብ የሆነውን የካፌይንን ጉዳይ በዚያው ስሌት ይመረምራል። የጽሑፉ ማእከላዊ ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ በመማሪያ መጻሕፍት ለካፌይን ከሚሰጡት የአሠራር መንገዶች መካከል ቡና በሚጠጣ ሰው ሰውነት ውስጥ በእርግጥ ሊሠራ የሚችለው የትኛው ነው? መልሱ የሚገኘው የካፌይንን የደም ውስጥ መጠን እያንዳንዱ መንገድ ከሚጠይቀው መጠን ጋር በማነጻጸር ነው። ውጤቱ እንደሚያሳየው ካፌይን ለነርቭ ሕዋስ አዲስ የኤሌክትሪክ ኃይል አይሰጥም፤ ነርቭን የሚያረጋጋውን የአዴኖሲንን ሥራ ያግዳል እንጂ። ይህ ልዩነት በማስተማርም ሆነ በሕክምና ረገድ ያለው ፋይዳ በመጨረሻ ተመልክቷል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ የሕዋስ ገለፈት፣ አዮን፣ የገለፈት ቮልቴጅ፣ ፖታሲየም፣ አዴኖሲን፣ ካፌይን፣ ካፋ

1. መግቢያ

የካፋ ዞን የአረቢካ ቡና በዱር ከሚበቅልባቸው ጥቂት የዓለም ስፍራዎች አንዱ ነው። በዞኑ ያለው የደን ቡና መገኛ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ በቦንጋም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ይገኛል። በአካባቢው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ቡና «ቡኖ» ይባላል። የቡና ዝርያው ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1753 ከሊኒየስ ሲሆን፣ ካፌይንን ከቡና ፍሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጥሎ ያወጣው ደግሞ ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ሩንገ በ1819 ነበር። «ካፌይን» የሚለው ስም በቀጥታ የተወሰደው በአውሮፓ ቋንቋዎች ለቡና ከተሰጠው ስም ነው። ያ ስም ራሱ ከካፋ ምድር ነው ወይስ «ቃህዋ» ከሚለው የዓረብኛ ቃል የሚለው ግን እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው።

ቡና «ያነቃቃል» መባሉ ለማንም እንግዳ አይደለም። ለሳይንስ ተማሪ ግን ይህ ቃል ገና ጥያቄ እንጂ መልስ አይደለም። የሚነቃው ምንድን ነው? መንቃት የነርቭ ሕዋስ ሥራ ከሆነ፣ የነርቭ ሕዋስ ሥራ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምልክት ከሆነ፣ ካፌይን ያንን ምልክት በየትኛው ደረጃ ይነካዋል? ብዙ ጊዜ በክፍል ውስጥ የሚሰጠው መልስ «ካፌይን ነርቭን በቀጥታ ያነሣሣል» ወይም «በሕዋስ ውስጥ ካልሲየም ይለቃል» የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ ስህተት ነው፤ ሁለተኛው በቤተ ሙከራ እውነት ቢሆንም ለቡና ጠጪ አይሠራም። ይህን ለማሳየት አስቀድሞ የገለፈት ቮልቴጅ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

2. የቮልቴጁ ምንጭ

የሕዋስ ገለፈት በዋናነት ከሁለት ንብር ስብ የተሠራ፣ ውፍረቱ ወደ 7 ናኖ ሜትር የሚጠጋ ስስ ሽፋን ነው። ስብ አዮኖችን አያሳልፍም። በመሆኑም በውስጥና በውጭ ያለው ፈሳሽ ሁለቱም ጨዋማና ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ሲሆኑ፣ መካከላቸው ያለው ገለፈት የማያስተላልፍ ነው። አስተላላፊ፣ የማያስተላልፍ፣ አስተላላፊ፦ ይህ አደራደር የፊዚክስ ተማሪ ካፓሲተር ብሎ የሚያውቀው ነው።

በገለፈቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች ተሰክተዋል። አንደኞቹ የአዮን ቦዮች ናቸው፤ ሲከፈቱ የተወሰነ ዓይነት አዮን ብቻ ከሚበዛበት ወደሚያንስበት እንዲያልፍ ይፈቅዳሉ። ሁለተኞቹ ፓምፖች ናቸው። ከእነዚህ ዋነኛው በ1957 የንስ ስኩ ያገኘው የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር አንድ የኤቲፒ ሞለኪውል እየፈጀ 3 ሶዲየም ወደ ውጭ ያወጣል፣ 2 ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። በዚህም ምክንያት በሕዋሱ ውስጥ ፖታሲየም ይበዛል፣ በውጭ ደግሞ ሶዲየም ይበዛል። ለአጥቢ እንስሳት ነርቭ ሕዋስ የሚከተሉትን ቁጥሮች መውሰድ ይቻላል፦ ፖታሲየም በውስጥ 140፣ በውጭ 4 ሚሊ ሞላር፤ ሶዲየም በውስጥ 12፣ በውጭ 145 ሚሊ ሞላር።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚታይ አንድ ስህተት አለ። ፓምፑ 3 አዎንታዊ ሙል አውጥቶ 2 ስለሚያስገባ የገለፈቱ ቮልቴጅ ከዚህ ልዩነት የመነጨ ይመስላል። በእርግጥ ፓምፑ በቀጥታ የሚያበረክተው ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ነው። ዋናው ሥራው የክምችቱን ልዩነት መጠበቅ ነው። ቮልቴጁ የሚፈጠረው ይህ የተጠበቀ ልዩነት በተከፈቱ ቦዮች በኩል ሲሠራ ነው። ፓምፑ ውኃውን ወደ ጋን ይሞላል፤ ጋኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ነው ፍሰቱን የሚወስነው።

ገለፈቱ ፖታሲየምን ብቻ ያሳልፋል እንበል። ፖታሲየም ከብዙው ወደ ጥቂቱ፣ ማለትም ከውስጥ ወደ ውጭ መውጣት ይጀምራል። ነገር ግን እያንዳንዱ የወጣ አዮን አንድ አዎንታዊ ሙል ይዞ ስለሚሄድ ውስጡ በውጩ አንጻር አሉታዊ ይሆናል። ይህ አሉታዊነት ደግሞ አዎንታዊውን ፖታሲየም ወደ ውስጥ ይስባል። የክምችቱ ግፊትና የኤሌክትሪኩ ስበት እኩል ሲሆኑ የተጣራ ፍሰት ይቆማል። ይህ የሚዛን ቮልቴጅ ይባላል፤ ቫልተር ኔርንስት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባወጣው ቀመር ይሰላል። በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ አዎንታዊ ሙል ላለው አዮን ቀመሩ እንዲህ ይነበባል፦

የሚዛን ቮልቴጅ (በሚሊ ቮልት) = 61.5 × ሎጋሪዝም (የውጭ ክምችት ÷ የውስጥ ክምችት)

ከላይ የተሰጡትን ቁጥሮች ብናስገባ ለፖታሲየም -95፣ ለሶዲየም +67 ሚሊ ቮልት ገደማ እናገኛለን። ስለዚህ አንድ ሕዋስ በተመሳሳይ ክምችት ሁለት ተቃራኒ ቮልቴጆችን ሊይዝ ይችላል ማለት ነው። የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስነው የትኛው ቦይ ይበልጥ እንደተከፈተ ነው።

ያረፈ ነርቭ ሕዋስ ፖታሲየምን በብዛት፣ ሶዲየምን ግን በጥቂቱ ያሳልፋል። የሶዲየም አሳላፊነት ከፖታሲየም አንጻር 0.04 ነው ብንል፣ ሁለቱን አዮኖች በአንድነት የሚያስበው የጎልድማን ቀመር የሚከተለውን ይሰጣል፦ በላይ 4 + (0.04 × 145) = 9.8፤ በታች 140 + (0.04 × 12) = 140.5 ገደማ። የሁለቱ ጥምርታ ሎጋሪዝም በ61.5 ሲባዛ -71 ሚሊ ቮልት ይሆናል። ይህ በተግባር በነርቭ ሕዋሳት ላይ ከሚለካው ጋር የሚቀራረብ ነው።

71 ሚሊ ቮልት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በ7 ናኖ ሜትር ውፍረት ላይ የሚያርፍ በመሆኑ በገለፈቱ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ በሜትር 10 ሚሊዮን ቮልት ያህል ነው። የቦይ ፕሮቲኖች በጥቂት ሚሊ ቮልት ለውጥ ቅርጻቸውን መለወጥ የሚችሉት በዚህ ኃይለኛ መስክ ውስጥ ስለሚኖሩ ነው።

3. ምልክቱ እንዴት ይነሣል?

በ1902 ዩልዩስ በርንሽታይን ያረፈ ሕዋስ ፖታሲየምን ለይቶ እንደሚያሳልፍ፣ ሲነሣሣ ግን ገለፈቱ ለሁሉም አዮን ለአፍታ ክፍት እንደሚሆን ሐሳብ አቀረበ። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ በምልክቱ ጊዜ ቮልቴጁ ወደ ዜሮ መድረስ ብቻ ነበረበት። በ1939 አላን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ በስኩዊድ ግዙፍ የነርቭ ዘንግ ውስጥ ኤሌክትሮድ አስገብተው ሲለኩ ግን ቮልቴጁ ዜሮን አልፎ ወደ አዎንታዊ ወገን እንደሚሻገር አዩ። የበርንሽታይን ሐሳብ ይህን ሊያስረዳ አልቻለም። በ1949 ሆጅኪንና በርናርድ ካትዝ የውጩን ሶዲየም ሲቀንሱ የምልክቱ ከፍታ አብሮ እንደሚቀንስ አሳዩ። በመሆኑም ምልክቱ የሶዲየም ቦዮች ለአፍታ መከፈት ውጤት መሆኑ ተረጋገጠ። ሆጅኪንና ሃክስሊ በ1952 ይህን በሒሳብ ቀመሮች ሙሉ አድርገው አቀረቡ፤ በ1963ም የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

በስሌታችን ላይ እንመልከተው። የሶዲየም አሳላፊነት ከፖታሲየም 20 እጥፍ ቢሆን ጥምርታው (4 + 2900) ለ (140 + 240) ይሆናል፤ ቮልቴጁም ወደ +54 ሚሊ ቮልት ይሄዳል። የውስጡና የውጩ ክምችት አልተለወጠም። የተለወጠው የበሮቹ ሁኔታ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛው የተለመደ ስህተት ይነሣል፦ በእያንዳንዱ ምልክት የሶዲየምና የፖታሲየም ክምችት ይገለበጣል የሚለው። ዲያሜትሩ 20 ማይክሮ ሜትር የሆነ ክብ ሕዋስ እንውሰድ። የገለፈቱ ስፋት 1257 ካሬ ማይክሮ ሜትር ነው። የገለፈት ካፓሲታንስ በካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ማይክሮ ፋራድ ያህል በመሆኑ የሕዋሱ 12.6 ፒኮ ፋራድ ይሆናል። ቮልቴጁን በ100 ሚሊ ቮልት ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሙል ወደ 8 ሚሊዮን አዮኖች ነው። በሕዋሱ ውስጥ ግን 350 ቢሊዮን ያህል የፖታሲየም አዮኖች አሉ። ስለዚህ የተንቀሳቀሰው ከ45 ሺህ አዮኖች አንዱ ገደማ ነው። በእውነተኛ ምልክት ሶዲየም እየገባ ፖታሲየምም ስለሚወጣ ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ይላል፤ የመጠኑ ደረጃ ግን አይለወጥም። ፓምፑ ቢቆም እንኳ እንዲህ ያለ ሕዋስ ብዙ ምልክቶችን ሊያወጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ የተከፈተ ቦይ በሰከንድ 10 ሚሊዮን ያህል አዮን ሊያሳልፍ ይችላል። ኤርቪን ኔየርና በርት ሳክማን በ1976 የአንድን ቦይ ፍሰት ለብቻው መለካት በመቻላቸው ይህ ቁጥር ግምት መሆኑ ቀርቶ ልኬት ሆነ፤ ለዚህም በ1991 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ከዚህ ተነሥተን ስናሰላ 8 ሚሊዮን አዮኖችን በአንድ ሚሊ ሰከንድ ለማስገባት 800 ያህል ቦዮች ይበቃሉ።

4. አዴኖሲን፦ የማረጋጊያው መንገድ

ሕዋስ በሠራ ቁጥር ኤቲፒ ይፈጃል። ኤቲፒ ሲፈርስ ከሚገኙት ነገሮች አንዱ አዴኖሲን ነው። አዴኖሲን በሕዋሳት መካከል ሲከማች ሥራ እንደበዛ የሚናገር መልእክት ይሆናል። በ1929 ድሩሪና ሴንት-ጆርጂ አዴኖሲን የልብን ምት እንደሚያዘገይ አሳዩ። በአንጎልም ሲነቁ በቆዩ መጠን የሚጨምር በመሆኑ ከእንቅልፍ ፍላጎት ጋር ይያያዛል።

አዴኖሲን በገለፈቱ ላይ ያሉ ተቀባይ ፕሮቲኖችን ይይዛል። ከእነዚህ ኤ-1 የተባለው ተቀባይ ሁለት ሥራዎች አሉት። በመጀመሪያ በነርቭ ጫፍ ላይ ያሉ የካልሲየም ቦዮችን በመግታት መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎች እንዳይለቀቁ ይቀንሳል። በሁለተኛ ደረጃ አንድ ዓይነት የፖታሲየም ቦይ እንዲከፈት ያደርጋል።

የሁለተኛውን ውጤት አሁን በቁጥር መግለጽ እንችላለን። አዴኖሲን የፖታሲየምን አሳላፊነት በእጥፍ አሳደገው እንበል። ያኔ የሶዲየም አንጻራዊ አሳላፊነት ከ0.04 ወደ 0.02 ይወርዳል። በጎልድማን ቀመር ጥምርታው (4 + 2.9) ለ 140.2 ይሆናል፤ ቮልቴጁም ከ-71 ወደ -80 ሚሊ ቮልት ይወርዳል። ምልክት የሚነሣበት ወሰን ለምሳሌ -55 ቢሆን፣ ሕዋሱ ቀድሞ 16 ሚሊ ቮልት ይበቃው የነበረው አሁን 25 ያስፈልገዋል። ከዚህም በላይ ተጨማሪ ቦዮች ስለተከፈቱ የሚገባው ፍሰት በእነርሱ በኩል ይሾልካል፤ ያው ማነሣሻ አነስተኛ የቮልቴጅ ለውጥ ብቻ ያመጣል። ሕዋሱ አልሞተም፣ አልደከመምም፤ ለመነሣት ግን ይበልጥ የሚያስፈልገው ሆኗል።

5. ካፌይን፦ ሦስት መንገዶችና አንድ መስፈርት

ለካፌይን በመማሪያ መጻሕፍት ሦስት የአሠራር መንገዶች ይጠቀሳሉ። እነርሱም በሕዋስ ውስጥ ካለው ማከማቻ ካልሲየም ማስለቀቅ፣ ፎስፎዳይኤስቴሬዝ የተባለውን ኤንዛይም መግታት፣ የአዴኖሲንን ተቀባዮች መያዝ ናቸው። ሦስቱም በሙከራ የተረጋገጡ ናቸው። ሦስቱ ግን በአንድ መጠን አይሠሩም።

በመጀመሪያ የቡና ጠጪውን መጠን እናስላ። አንድ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 100 ሚሊ ግራም ካፌይን ቢወስድ፣ የካፌይን ሞለኪውላዊ ክብደት 194 በመሆኑ ይህ 515 ማይክሮ ሞል ነው። ካፌይን በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ በሙሉ ስለሚሰራጭ የስርጭቱ ይዘት ለአንድ ኪሎ ግራም 0.6 ሊትር፣ በድምሩ 42 ሊትር ቢወሰድ፣ መጠኑ 12 ማይክሮ ሞላር ይሆናል። አቦል፣ ቶናና በረካ በጥንካሬያቸው ስለሚለያዩ ትክክለኛው ቁጥር ከቤት ቤት ይለያያል። ጠጪው ከዚህ ሦስት እጥፍ ወሰደ ብንል እንኳ 37 ማይክሮ ሞላር ነው።

ካልሲየምን ከማከማቻው ለማስለቀቅ የሚያስፈልገው መጠን በሚሊ ሞላር የሚቆጠር ነው፤ በጡንቻ ሙከራዎች ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሞላር መጠቀም የተለመደ ነው። ይህ ከአንድ ስኒው 12 ማይክሮ ሞላር ከ400 እስከ 800 ጊዜ የሚበልጥ ነው። በንጽጽር በደም ውስጥ በሊትር 80 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 410 ማይክሮ ሞላር ገደማ ካፌይን ለሞት ሊዳርግ የሚችል መጠን ነው። ስለዚህ የካልሲየሙ መንገድ ከመከፈቱ በፊት ጠጪው በሕይወት አይኖርም። ፎስፎዳይኤስቴሬዝን በሚገባ ለመግታትም በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮ ሞላር ያስፈልጋል፤ ይህም በመርዛማው ክልል ውስጥ ነው። የአዴኖሲን ተቀባዮችን ለመያዝ ግን ካፌይን ከጥቂት እስከ አሥራዎቹ ማይክሮ ሞላር ይበቃዋል። ከሦስቱ መንገዶች በስኒ ቡና መጠን የሚደረስበት ይህ ብቻ ነው። ሳቲንና ራል በ1970 የካፌይን ዘመድ የሆኑ ኬሚካሎች በአንጎል ቁራጭ ላይ የአዴኖሲንን ሥራ እንደሚያግዱ ካሳዩ ወዲህ ማስረጃው እየተጠናከረ መጥቷል።

እንግዲህ ወደ ስሌቱ እንመለስ። ካፌይን ተቀባዩን ይይዛል፣ ነገር ግን አያሠራውም። አዴኖሲን ቦታ ያጣል፤ የፖታሲየም ቦዮቹ ይዘጋሉ፤ ቮልቴጁ ከ-80 ወደ -71 አቅጣጫ ይመለሳል። ካፌይን የጨመረው ኤሌክትሪክ የለም፤ ፍሬኑን ለቀቀ እንጂ ነዳጅ አልሰጠም። ከዚህ የሚከተል አንድ ትንበያ አለ፦ አዴኖሲን በሌለበት ሕዋስ ላይ በዚህ መጠን ያለ ካፌይን በቮልቴጁ ላይ የሚያመጣው ለውጥ አይኖርም ወይም እጅግ ትንሽ ይሆናል። «በቀጥታ ያነሣሣል» የሚለው አባባል ግን ተቃራኒውን ይተነብያል። ሁለቱን በሙከራ መለየት የሚቻለው በዚህ ነው።

ለታማኝነት ሲባል አንድ ገደብ መጠቀስ አለበት። ከላይ የተሰላው የኤ-1 መንገድ ለሕዋስ ቮልቴጅ ጥሩ ምሳሌ ቢሆንም የቡና ንቃት ሙሉ ማብራሪያ አይደለም። በ2005 የወጣ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ካፌይን ንቁ ለማድረግ ኤ-2ኤ የተባለውን ሌላ ተቀባይ እንደሚፈልግ አሳይቷል፤ ይህ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች በካፌይን አልነቁም። የሁለቱም መንገድ መርሕ ግን አንድ ነው፤ ካፌይን የሚሠራው አዴኖሲንን በማገድ ነው።

የካልሲየሙ መንገድ ለሕይወት ካልጠቀመ ለሳይንስ ጠቅሟል። በ1958 አክሰልሰንና ቴስሌፍ ቮልቴጁ በፖታሲየም ብዛት አስቀድሞ የጠፋ የእንቁራሪት ጡንቻ በከፍተኛ መጠን ካፌይን እንደሚኮማተር አሳዩ። በዚህም የኤሌክትሪክ ምልክቱና የጡንቻው መኮማተር ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች መሆናቸው ታወቀ። ያው ኬሚካል በአንድ መጠን መድኃኒት ወይም መጠጥ፣ በሌላው የቤተ ሙከራ መሣሪያ ነው።

6. የካፋ ደንና ንብ

የቡና ዛፍ ካፌይን የሚሠራው ለሰው አይደለም። በቅጠልና በፍሬ ውስጥ ያለው ካፌይን ከነፍሳት መከላከያ እንደሆነ ይታመናል። በአበባው ማር ውስጥ ግን ሌላ ታሪክ አለ። በ2013 ጄራልዲን ራይትና ባልደረቦቿ የቡናና የብርቱካን ወገን ተክሎች የአበባ ማር ጥቂት ካፌይን እንደያዘ፣ መጠኑም ንቦች መራራነቱን ከሚለዩበት በታች እንደሆነ አሳዩ። ካፌይን የቀመሱ ንቦች ከ24 ሰዓት በኋላ የአበባውን ሽታ በማስታወስ ካልቀመሱት በሦስት እጥፍ በልጠው ተገኙ። በንቧ አንጎል ውስጥ ከትውስታ ጋር የተያያዙት ሕዋሳት ሲለኩ ካፌይን የገለፈታቸውን ቮልቴጅ በጥቂቱ ወደ አዎንታዊ አቅጣጫ ገፍቶ ተነሣሽነታቸውን ጨመረ፤ የአዴኖሲን ተቀባይን ብቻ የሚያግድ ሌላ ኬሚካልም ተመሳሳይ ውጤት ሰጠ።

ካፋ በቡናው ብቻ ሳይሆን በማሩም የታወቀ ነው። በደኑ ውስጥ ቀፎ ከሚሰቀልበት ዛፍ ሥር የቡና ተክል ያብባል። በስኒና በቀፎ፣ በሰውና በንብ መካከል ያለው የጋራ ነገር አንድ የገለፈት አሠራር ነው። በዞኑ ለሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይህ የጥናት በር ይከፍታል። የዱር ቡና የካፌይን መጠን ከዛፍ ዛፍ ይለያያል፤ በ2004 በብራዚል ተመራማሪዎች በተፈጥሮ ካፌይን የሌላቸው ሆነው የተገኙት ሦስት የአረቢካ ተክሎች ዘራቸው ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ ነበር። የአበባው ማር የካፌይን መጠንስ እንዲሁ ይለያይ ይሆን? ልዩነቱስ ንቦቹ አበባን በሚመርጡበት መንገድ ላይ ይታይ ይሆን? እነዚህ ጥያቄዎች ውድ መሣሪያ ሳይሆን ደን፣ ትዕግሥትና ጥንቃቄ የተሞላበት ናሙና አሰባሰብ ይጠይቃሉ። ደኑ ከተመነጠረ ግን የሚጠየቅበት ናሙና ራሱ አይኖርም።

7. በሕክምና ያለው ፋይዳ

የአሠራሩን መንገድ በትክክል ማወቅ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሦስት ምሳሌዎች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው ካለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ጉዳይ ነው። የአንጎላቸው የአተነፋፈስ ማእከል ገና ስላልጎለመሰ ትንፋሻቸው በመካከል ይቋረጣል። ለዚህ የሚሰጠው ካፌይን ሲትሬት በዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። በ2006 ውጤቱ የወጣው፣ 2006 ሕፃናት የተሳተፉበት ዓለም አቀፍ ጥናት ካፌይን የተሰጣቸው ሕፃናት ሥር የሰደደ የሳንባ ችግር ከ47 ወደ 36 ከመቶ እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። የተለመደው መነሻ መጠን በኪሎ ግራም 20 ሚሊ ግራም ካፌይን ሲትሬት፣ ማለትም 10 ሚሊ ግራም ካፌይን ነው። የስርጭቱን ይዘት 0.85 ሊትር ብንወስድ መጠኑ 60 ማይክሮ ሞላር ገደማ ይሆናል። ከቡና ጠጪው ይበልጣል፣ ከካልሲየሙ መንገድ ግን እጅግ ያነሰ ነው፤ የሚሠራውም አዴኖሲን በትንፋሽ ላይ የሚያሳርፈውን ጫና በማንሣት ነው። በአዋቂ ሰው ከደም ለግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ 5 ሰዓት ያህል ሲሆን በአዲስ የተወለደ ሕፃን ግን ቀናት ይፈጃል። መጠኑ በጥንቃቄ የሚለካውና የፈላ ቡና ለሕፃን መድኃኒት ሊሆን የማይችለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የልብ ጉዳይ ነው። ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሣ ድንገተኛ የፍጥነት ሕመም ላለበት ሰው አዴኖሲን በደም ሥር ይሰጣል፤ የፖታሲየም ቦዮችን ከፍቶ የተሳሳተውን የምልክት ዑደት ለአፍታ ያቋርጣል። በሽተኛው ከጥቂት ሰዓት በፊት ቡና ጠጥቶ ከሆነ ተቀባዮቹ በካፌይን ስለተያዙ መድኃኒቱ ሊደክም ይችላል። ቡና በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ በሚፈላበት አካባቢ «ቡና የጠጡት መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ የወግ ጥያቄ ሳይሆን የሕክምና ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው የፖታሲየም ጉዳይ ነው። በስሌታችን የውጩ ፖታሲየም ከ4 ወደ 7 ሚሊ ሞላር ቢወጣ ቮልቴጁ ከ-71 ወደ -64 ይጠጋል፤ ወደ 2 ቢወርድ ደግሞ ወደ -77 ይወርዳል። በብርቱ ተቅማጥ ፖታሲየም ሲወጣ ጡንቻ የሚዝለው፣ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ የፖታሲየም መጠራቀም ልብን አደጋ ላይ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። በሕይወት አድን ንጥረ ነገር ውስጥ ከጨውና ከስኳር ጋር ፖታሲየም ክሎራይድ የተጨመረው ያለ ነገር አይደለም።

8. መደምደሚያ

የሕዋስ ኤሌክትሪክ ከሦስት ነገሮች ይመነጫል፦ በፓምፕ ከሚጠበቅ የክምችት ልዩነት፣ አዮንን ከማያሳልፍ ስስ ገለፈት፣ እና በመከፈትና በመዘጋት ከሚመርጡ ቦዮች። ክምችቱ በዝግታ ይለወጣል፤ ምልክቱን የሚሠሩት ቦዮቹ ናቸው። ማንኛውም ነርቭን ይነካል የሚባል ነገር፣ ቡናም ቢሆን፣ መጠየቅ ያለበት የትኛውን ቦይ፣ በየትኛው ተቀባይ በኩል፣ በምን ያህል መጠን እንደሚነካ ነው። ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መጠን ነው። በዚህ ጽሑፍ እንደታየው ግን ሦስት እውነተኛ ማስረጃ ካላቸው መንገዶች ሁለቱን ከሕያው ሰው ውጭ ያደረገው ይኸው የመጠን ጥያቄ ነው።

መምህራን ይህን ርእስ በስኩዊድ ዘንግ ብቻ ሳይሆን በስኒ ቡና ጭምር ቢያስተምሩ ተማሪው ቀመሩን ከሕይወቱ ጋር ያገናኛል። የሚያስፈልገው ሎጋሪዝም ማስላት የሚችል የእጅ ማስያና ከላይ የተሰጡት አራት የክምችት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። አሳላፊነቱን ከ0.04 ወደ 0.02፣ ቀጥሎም ወደ 20 እየለወጠ ቮልቴጁን ራሱ ያሰላ ተማሪ «ቡና ያነቃቃል» የሚለውን አባባል ከዚያ በኋላ እንደ ማብራሪያ አይቀበለውም።